ከምሶሶው ሥር የተመለሰ መልስ

«አንተ ጋይንቴ! ባቡሩ ባለፈ ቁጥር አንጋጠህ የምታየው ሊወድቅብህ መስሎህ ነው?»

ጠያቂው ሜክሲኮ የታክሲ ተራ የሚያስከብር ወዳጄ ነው። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ፣ ሰልፉን በዓይኑ እየቆጠረ በአፉ የሚያሥቅ ልጅ ነው። ከጋይንት መምጣቴን ካወቀ ጀምሮ ሳይተርበኝ አሳልፎኝ አያውቅም፤ እኔም ሳልመልስለት አልፌ አላውቅም። በአገሬ ደንብ የተወረወረ ነገር መሬት አይወድቅም።

«የኛ አገር ሰው ከራሱ በላይ የሚያልፍ ነገር ያየው አያትህ ሜክሲኮን ሳያዩ ነው፤» አልኩት። «መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከጨጨሆ ማዶ አንቺም ሜዳ ላይ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከመሐል አገር ጦር ጋር ሲገጥሙ አውሮፕላን ከላይ መጣ። መጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ከዚያ ወዲህ እኛ ወደ ላይ የምናየው የመጣው ነገር ምን እንደያዘ ለማወቅ ነው። ያንተንም ባቡር አንጋጥጬ የማየው ለዚሁ ነው። ምን ይዞ መጣ?»

«ሰው ይዞ ነዋ!»

«ሰው መያዙንማ አየሁ። አሁን ደግሞ ማንን ትቶ እንደሄደ ንገረኝ።»

ሰልፉ ሣቀ። እሱ ግን ቀና ብሎ ፌርማታውን አየ፤ እኔም ነገሩን እዚያ ላይ ልተወው አልቻልኩም።

ባቡሩ በሜክሲኮ የሚያልፈው በምሶሶ ላይ ነው። ከስታዲየም ተነሥቶ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ እድ አድርጎ እስከ ልደታ ድረስ ሁለቱ መስመሮች አንድ ድልድይ ይጋራሉ። ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደውም፣ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውም እነዚህን አምስት ፌርማታዎች ይረግጣል። ስለዚህ መሐል ከተማ ላይ ባቡር የፈለገ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ላይ መውጣት አለበት። አገልግሎቱ የተጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በቃሊቲው መስመር ነው፤ የአያቱ ሁለት ወር ያህል ዘግይቶ ተከተለ። 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ፣ 39 ፌርማታ፣ 41 ባቡር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደርነው ነው። ብድሩን የሚከፍለው ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ አይደለም። የስማዳ ገበሬ ባቡሩን አይቶት አያውቅም፤ ዕዳው ግን እሱንም ያውቀዋል። ጋይንቴ ስለ ሜክሲኮ ፌርማታ ምን አገባው የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው፦ ከፋይ ነኝ።

በሌላ ቀን ደግሞ በቻይና መጣብኝ።

«ባቡሩን የሠራልን ቻይና ነው። እናንተ ቻይናን የምታውቁት በቴርሞስ ነው!»

«ተው! በቻይናስ አትምጣብን። ወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይን፣ ንፋስ መውጫን፣ ጨጨሆንና ጋሸናን ይዞ ወልዲያ የሚገባውን መንገድ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ንጉሡ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ከተጨባበጡ በኋላ የመጣ ሥራ ነው፤ የተሠራው በደርግ ዘመን። ሰዉ ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። አንተ ቻይናን ያወቅኸው በ2004 ከተማው ሲቆፈር ነው፤ የኛ ሽማግሌዎች ከዚያ ሠላሳ ዓመት በፊት ያውቁታል።»

«ታዲያ መንገድ ካላችሁ ምን ያስለቅሳችኋል?»

ጥያቄው ለሣቅ ነበር፤ እኔን ግን የነካኝ ቦታ ሌላ ነው። የቻይና መንገድ የላይ ጋይንትን ወገብ ይዞ ያልፋል። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳ፣ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ግን ከመስመሩ ወጣ ብለው ነው የተቀመጡት። የስማዳ ሰው መንገድ ለማግኘት መጀመሪያ መገንጠያው ላይ መድረስ ነበረበት፤ ለብዙ ዘመን ያን ያደረገው በእግሩና በበቅሎው፣ በሽተኛውንም በቃሬዛ ተሸክሞ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ካርታ ለሚያይ ሰው ጋይንትና ስማዳ ከአገሩ ጋር ተገናኝተዋል። ወገዳ ቆሞ ለሚያይ ግን መንገድ ማለት መገንጠያው ነው፤ እሱ ከሌለ ዋናው መንገድ የሌላ ሰው ነው።

«የባቡርህም መገንጠያ ደረጃው ነው፤» አልኩት።

«ታዲያ አለልህ አይደል ደረጃው!»

«ለእኔ አለ። ለእናቴ የለም።»

ከሰልፉ መሐል አንድ ጎረምሳ ቀበል አድርጎ፣ «ባቡሩ ሰማይ ለሰማይ፣ ተሳፋሪው ደረጃ ላይ!» አለ። ተራ አስከባሪው እሱን በዓይኑ ገሠጸው፤ በገዛ ተራው ሌላ ሰው ሲተርብ አይወድም።

ይህን ጊዜ ቦርሳ ያነገቱ፣ መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ከሰልፉ ፊት ዞር ብለው ገቡበት። «ወንድሜ፣ አንተ የምታየው ጉድለቱን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ብረትና ሲሚንቶ ከመንገድ በላይ ማንሣት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሥራውን ማድነቅ ይገባል።»

«አደንቃለሁ፣ ጋሼ። ከባድ ነገር ወደ ላይ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ በኛ አገር ታይቷል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው፤ ወደ ጨጨሆ የወሰዱት በኛው አገር አድርገው ነው። እንግሊዝ ከባሕሩ ወጥቶ እየመጣባቸው፣ ንጉሡ ከወታደሮቻቸው ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። መድፉ እኮ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ጊዜውን የበላው መውጫው ነው። ገደሉን ናዱ፣ ዳገቱን ቆረጡ፣ መውጫውን አበጁ፤ መድፉ ከዚያ በኋላ ተከተለ። አምሳያውን ማየት ከፈለጉ ለገሃር ይውረዱና ቸርችልን ሽቅብ ይበሉ፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። እዚያ ሲደርሱ አንድ ነገር ያስቡልኝ፦ ለ7 ቶን ብረት የታሰበ መውጫ ለአንዲት እናት ጉልበት ለምን አልታሰበም?»

ጎልማሳው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሊፍት ተተክሏል እኮ፤» አሉ ዝግ ብለው።

«ተተክሏል! እኔንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ባይተከልማ ገንዘብ አጠረ እል ነበር።»

ተራ አስከባሪው መሸነፍ አይወድም። «ቆይ፣ ቆይ! እናንተ ገደል ለገደል ያደጋችሁ፣ ዙር አባ የምትወጡ ሰዎች፣ የፌርማታ ደረጃ ነው እንዴ የሚያደክማችሁ?»

«ዙር አባን ስታነሣ መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ። የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሚገኘው እዚያ ነው፤ የድጓው ደግሞ ጋይንት ቤተልሔም። ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ከየአገሩ ይሄድበታል። የሚወጣው ግን ወጣት ሆኖ፣ ፈቅዶ፣ ዓመታት ሊቀመጥበት ነው። ሥራ ውሎ ቤቱ ለመግባት አምባ ውጣ የተባለ ሰው የለም። ደግሞም እዚያ የደከሙትን መምህር ተማሪው ደግፎ ያወጣቸዋል። ያንተ ፌርማታ ላይ ደጋፊው የት ነው የሚቆመው?»

መልስ አልሰጠኝም። እኔ ግን መልሱን በአጎቴ አውቀዋለሁ።

አጎቴ ለዓይን ሕክምና ከእስቴ መጥተው ነበር። ከፍ ካሉት ፌርማታዎች ወደ አንዱ ወሰድኳቸው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ነገሩ የአንድ ፌርማታ ጉድለት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ሊፍቱ አይሠራም፤ ተንቀሳቃሹ ደረጃም ቆሟል። አጎቴ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፤ ከጉልበታቸውም ጋር ከተጣሉ ቆይተዋል። እኔ በአንድ ወገን፣ የማላውቀው ተማሪ በሌላ ወገን ይዘን ማውጣት ጀመርን። ሰው ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ይወጣል፤ ሁሉም ይቅርታ እያለ ይገፋናል። እኩሌታው ላይ ስንደርስ አጎቴ የደረጃውን ብረት ያዙና ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪሰበሰብ ጠበቅን። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ጉናን እንኳ በቅሎ ታወጣኛለች። የዚህን በቅሎ የት አሰሯት?» አሉኝ።

ጉና ከ4100 ሜትር በላይ የሚረዝም ተራራ ነው። አጎቴ በግርጌው ተወልደው አርጅተዋል፤ ዳገት የሚያስፈራቸው ሰው አይደሉም። የጠየቁት ግን ትክክለኛውን ነገር ነው። በአገራቸው ዳገት ካለ ለደካማው በቅሎ አለ፤ በቅሎ ባይኖር ቃሬዛ አለ፤ ለቃሬዛው የመንደሩ ሰው ትከሻ አለ። ዳገቱን እግዜር ሠራው፣ መውጫውን ሰው አበጀለት። እዚህ ከተማ ውስጥ ግን ዳገቱን ራሳችን በብድር ሠርተን በቅሎዋን አስረን አስቀመጥናት።

ማን እንደሚቀር ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ አንድ ማታ ደረጃው ግርጌ መቆም ይበቃል። ልጅ አዝላ ሁለት ፌስታል የያዘች እናት ትመጣለች፤ ቀና ብላ ደረጃውን ታያለች፤ ዞራ ወደ ታክሲ ሰልፍ ትሄዳለች። ነፍሰ ጡሯ ትመጣለች፤ ግማሹን ወጥታ ትቀመጣለች። ክራንች የያዘው ሰው ከነጭራሹ አይመጣም፤ አንድ ቀን ሞክሮት ያውቀዋል። ከገጠር ሕመምተኛ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ስለማያውቅ ከነበሽተኛው ግርጌው ላይ ቆሞ ይቀራል። ባቡሩ ሲጀመር ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ርካሽ እንዲሆን የታሰበው ለእነዚሁ ሰዎች ነው። ትኬቱን ለድሃ አርክሶ ደረጃውን ለጎረምሳ መተው ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ሕጉ ደግሞ ከእኔ ጋር ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ እንዲኖረው አዝዟል። በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አገራችን ተቀብላ በአዋጅ አጽድቃለች። ባቡሩ የተጀመረው ከሁለቱም በኋላ ነው። ስለዚህ ሊፍቱ ይሠራ የሚል ሰው ጸጋ አይለምንም፤ የተጻፈለትን ይጠይቃል።

ጎልማሳው፣ «ሌላውም አገር እንዲሁ ነው» አሉኝ። እንዲሁ የነበረበትን አገር ነገርኳቸው። የባንኮክ የሰማይ ባቡር በ1992 ዓ.ም. ሲከፈት ከ23ቱ ጣቢያዎች ሊፍት የነበራቸው አምስቱ ብቻ ናቸው። አካል ጉዳተኞቹ ዝም አላሉም። ተደራጁ፣ ከሰሱ፣ በታችኛው ፍርድ ቤት ተረቱ፣ ይግባኝ አሉ። በ2007 ዓ.ም. ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በየጣቢያው ሊፍት በአንድ ዓመት ውስጥ ይሠራ ብሎ ፈረደላቸው። የኛው ባቡር ሊመረቅ ወራት ሲቀሩት ማለት ነው።

«ባንኮክ ሀብታም ናት።»

«እነሱ የተከራከሩት ላልተተከለ ሊፍት ነው፣ ጋሼ። የኛ ተተክሏል። የቀረው መብራትና ጠጋኝ ነው። ባለሥልጣን የሚቀመጥበት ፎቅ ሊፍቱ ቢበላሽ ስንት ቀን ቆሞ ያድራል?»

«ያው በማግስቱ ይጠገናል፤» አሉ ሳያስቡት። ከዚያም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተራ አስከባሪው ወሬው ወደ ሕግ ሲያዘነብል ሰልፉ እንዳይሰለች ፈራ መሰለኝ፣ ወደ ባቡሩ መለሰን። «አንተ ለሊፍቱ ታለቅሳለህ፤ ባቡሩ ራሱ ስንቴ ይመጣል? ብንቆምለት ብንቆምለት…»

ይህ እውነት ነው፤ ለእውነት ደግሞ መልስ አይፈለግለትም። ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላዩ በመለዋወጫ እጦት ቆሞ የቀረበት ጊዜ ነበር። ባቡሮቹ ቻይና ቻንግቹን ከተማ የተሠሩ ናቸው፤ ዕቃቸውም ከዚያው ይመጣል፤ ለዕቃው የሚከፈለው ዶላር ነው፤ ትኬቱ የሚሸጠው በብር። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከሼንዘን የመጡ ባለሙያዎች አብረው ሠርተዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የኛ ነው። መንገድ ከተሠራ በኋላ ድንጋይ ቢናድበት የጋይንት ሰው ወጥቶ ያነሣዋል። ባቡር ግን ሲቆም ጎረቤት ጠርተህ የምትገፋው ነገር አይደለም፤ ገና ሲገዛ የሚታሰብለት በጀት ይፈልጋል። ለምርቃት የሚወጣውን ያህል ገንዘብ ለቡሎን የሚያስቀምጥ ባለሥልጣን ባይ እኔ ራሴ ጋቢ አለብሰዋለሁ።

በአንድ ነገር ግን ለወዳጄ አልፈርድለትም። «ባቡሩ በምሶሶ ላይ ባይሆን ይሻል ነበር» ብሎኝ ነበር፤ በዚህ አልስማማም። ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሄደበት ሰፈር፣ በሳሪስም በለው በአያት መንገድ፣ አጥሩ ጎዳናውን ለሁለት ከፍሎታል። ማዶ ያለውን ሱቅ እያየህ ወደ ማቋረጫው ዙረህ ነው የምትደርስበት። ትናንት ጎረቤት የነበረ ዛሬ ማዶ ለማዶ ሆኖ ይጠራራል። ሜክሲኮ ግን እንዲህ አልሆነም። ከዋቢ ሸበሌ ወገን ወደ ንግድ ሥራ ወገን የሚሻገር ሰው በባቡሩ ሥር ነው የሚያልፈው፤ ታክሲውም፣ ተማሪውም፣ ጫማ ጠራጊውም እንደልቡ ይጎርፋል። ምሶሶው መንገዱን ለእግረኛ ትቶለታል። መሐል ከተማ ላይ ባቡርን ከፍ ማድረግ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። የተረሳው ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛው ወደ ላይ የሚወጣው ሰው፣ ሁለተኛው ከታች የቀረው ሰው።

ከታች ያለውን ሰው ለማወቅ ደግሞ ቆሎና ለውዝ የምትሸጠውን የስማዳ ሴት ማናገር ነው። ምሶሶውን ደገፍ ብላ ትቀመጣለች። ተረባችንን ሰምታ ስትስቅ ነው አገሯን ያወቅኩት፤ ሳቋ የአገር ልጅ ሳቅ ነው።

«እትዬ፣ ይህ ባቡር ለአንቺ ምን ጠቀመሽ?» ብሎ ተራ አስከባሪው ጠየቃት።

«ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ ሆነኝ።»

«ሌላስ?»

«ደንብ ሲመጣ ጣሪያው የኔ አለመሆኑን ነገረኝ።»

ሁላችንም ዝም አልን። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ቆሎዋን በሻሽ ጠቅልላ ስትሮጥ ያላየ በዚያ ሰልፍ የለም። ሎተሪ አዟሪውም፣ የስልክ ሽፋን የዘረጋውም፣ ሸንኮራ የሚልጠውም አብሮ ይሮጣል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የጋይንትና የእስቴ ልጆች ናቸው፤ አነጋገራቸው ይናገራል። ሌላው አገር ከባቡሩ ሥር ያለውን ሰው በሁለት መንገድ አይቶታል። ቶኪዮ ውስጥ ዩራኩቾ በሚባል ሰፈር ከመቶ ዓመት በፊት በተሠራው የባቡር ቅስት ሥር ትንንሽ ምግብ ቤቶች ተደርድረው ሰዉ ከሥራ ሲወጣ እራቱን እዚያ ይበላል፤ ባቡሩ ከላይ ያልፋል፣ ድስቱ ከታች ይንተከተካል። የኒው ዮርክ ሰዎች ደግሞ ከታች ያለውን ሰው ሳያስቡ ሦስተኛ ጎዳና ላይ የሰቀሉትን ሐዲድ፣ ጨለማውና ጫጫታው ሰፈሩን ሲያማርረው ማንሃታን ውስጥ ነቅለው ጣሉት። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። በምሶሶዎቹ መካከል ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ መደብ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ ማታ የሚበራ መብራት፤ ይህ ሁሉ ከ475 ሚሊዮን ዶላር አጠገብ ምን ያህል ነው? ያቺ ሴት ኪራዩንም ግብሩንም እከፍላለሁ ትላለች። እንድትሮጥ ከማድረግ እንድትከፍል ማድረግ ለከተማውም ይሻላል።

ደግሞ ለገሃርን አስበው፤ ከሜክሲኮ ቀጥሎ ያለ ፌርማታ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ እስከ መሐል ከተማ ገብቶ ነበር። መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ ከተማው እፊቱ ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ግን መንገደኛውን ለቡ አውርዶ ይመለሳል፤ ቀላሉ ባቡር ደግሞ ለቡ አይደርስም። ሁለቱም አዲስ፣ ሁለቱም በኤሌክትሪክ፣ ሁለቱም በቻይና ብድርና እጅ የተሠሩ፤ ግን አይተዋወቁም። መገንጠያ ያልኩት ይህንንም ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ የመጨረሻውን ጥይት አወጣ። «እሺ፤ ሜክሲኮን እንዲህ የምትከራከርላት አንተ፣ ለአገርህ መቼ ነው ባቡር የሚገባላት? ወይስ በሜክሲኮው ነው የምታለቅሱት?»

ሰልፉ «ኧረ!» አለ። ይህ ከባዱ ነው። እኔም በቁም ነገር መለስኩለት። በምድር ባቡር የአገር አቀፍ ዕቅድ ላይ ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚሄድ መስመር ተሥሏል። ከወረታ ወደ ወልዲያ በጉናና በጨጨሆ አጠገብ ሳያልፍ እንዴት ይሄዳል? ቱርኮች ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርገው ወደ ሐራ ገበያ የጀመሩት ሐዲድ ሊገናኘው የታሰበው ከዚሁ ጋር ነው። መቼ እንደሚሠራ የሚነግረኝ የለም። እስከዚያው ግን የእስቴ ጤፍ፣ የጋይንት ድንችና ገብስ ለሚጫንበት መኪና ኪራይ እየከፈልን እንጠብቃለን።

«ይምጣ እንበል፤» አለ። «ፌርማታው የት ይሁን?»

«ንፋስ መውጫ።»

«ወገዳስ? አርብ ገበያስ? የስማዳዋ እትዬ ሰፈርስ?»

ተረበኛ የተባለው ለካ መስማትም ያውቃል። ደስ ብሎኝ መለስኩለት። «ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ከወገዳና ከአርብ ገበያ እስከ ፌርማታው የሚያደርስ መንገድና በሰዓቱ የሚነሣ አውቶቡስ ይቅደም። ከመካነ ኢየሱስም እንዲሁ። አውቶቡሱ ሳይቆረጥለት ሪባኑ አይቆረጥ።»

«ቻይና መጥቶ በምሶሶ ላይ እሰቅለዋለሁ ቢልስ?»

«ይስቀለው። ሊፍቱን ግን ምርቃት ቀን የእስቴ ሽማግሌዎች ይውጡበት። ከዚያ ዓመት ሙሉ ይውጡበት። ቢበላሽ የሚጠራው ጠጋኝ ስልክ ቁጥሩ በሩ ላይ ይጻፍ፤ ደመወዙም ሊፍቱ በሠራበት ቀን ይቆጠር።»

«ኧረ ተው፣ ይህን ለጋይንት ከምትጠይቅ ለሜክሲኮ ጠይቅልን!» አለች ቆሎ ሻጯ።

«እየጠየቅኩ ነው እኮ፣ እትዬ። ከላይ ያለው ሊፍት ቁልፉ በማን እጅ ነው?»

ተራ አስከባሪው ሰልፉን ዞሮ አየ። ሰልፉ ጎልማሳውን አየ። ጎልማሳው ቦርሳቸውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩና፣ «ነገ ጠዋት ትኬት መቁረጫው ጋ እጠይቃለሁ» አሉ።

«ነገ ለምን? ዛሬ ገና አልተዘጋም፤» አለ ተራ አስከባሪው፣ «እኔም አብሬዎት እወጣለሁ።»